ሌንሳና ሦስት ሺህ መቶ አርባው ምልክት

አቃቂ ውስጥ እኔን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የመጣ ነው። ተክሌ የመዝገብ ቤቱ ብላችሁ በሰቃ ገበያ ላይ ጠይቁ፤ ጎመን ሻጯ ሳትቀር በር ድረስ ታደርሳችኋለች። ካርቶን ፋብሪካው መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ፊደል የቆጠርኩ ሰው አይደለሁም፣ አልዋሽም፤ ቁጥር ላይ ግን ማንም አይደርስብኝም። ከቁጥር አንድ እስከ ሦስት ሺህ መቶ አርባ ያለውን የሠራተኛ ፋይል በጀርባው ውፍረት እለየዋለሁ። መብራት ጠፍቶ በዳበሳ አውጥቼ ሰጥቻለሁ። ወንዙ ሞልቶ ግቢያችን የገባ ጊዜ አርባ ፋይል በራሴ ተሸክሜ፣ ውኃው እዚህ ወገቤ ድረስ እየመጣ፣ አንድ ወረቀት ሳይረጥብብኝ ወጥቻለሁ። የዚያን ቀን ሥራ አስኪያጁ ጨብጦኛል። በሁለት እጁ።

ዛሬ ግን የማወራው ስለ እኔ አይደለም። ስለ እኔ ከተጀመረ መቼ ያልቃል? ስለ ሌንሳ ነው የማወራው። ሌንሳ ሮሪሳ።

አባቷን ሮሪሳን ድሮ አውቀዋለሁ። ገላን ኮንዶሚኒየም ያለበት ጥቁር አፈር ላይ ሽምብራ ይዘራ ነበር። እሸቱን ከማሳው እየነቀለ ይሰጠኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከፋብሪካ የተረፈ ካርቶን እሰጠዋለሁ፣ ለዶሮ ቤት ይሆነዋል። አሁን እዚያ ፎቅ ቆሟል። ሌንሳ አንድ ጊዜ በሚኒባስ አብረን ስንሄድ በመስኮት እያሳየችኝ፣ "ያ ብሎክ የኛ በሬዎች የሚያድሩበት ነበር፤ ያኛው ደግሞ አውድማው" አለችኝ፣ ሳትስቅም ሳታዝንም፣ ልክ ሰው የሰፈሩን ሱቅ እንደሚያሳይ። እነሱ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ በቀረችላቸው ጓሮ ላይ ሦስት ክፍል ቤት አላቸው። ከቤቱ አምስት ሰው ደመወዝ የሚባል ነገር የምታመጣው እሷ ብቻ ነች።

ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር ተምራ፣ በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምህረት ታኅሣሥ ላይ እኛ ጋ መጣች። ኮንትራት ነው፤ ስድስት ወር ተኩል። ቀጭን ነች፣ የወንድሟን ጃኬት ነው የምትለብሰው፣ ኪሷ ውስጥ ሁልጊዜ ቆሎ አለ። የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ አቶ ሀብተሚካኤል ፊት ለፊቴ ነው የነገራት፦

"ሌንሳ፣ ነገሩ ግልጽ ነው። ሰኔ ሠላሳ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰዎች ይመጣሉ። የፈለጉትን የሠራተኛ ቁጥር ይጠራሉ። ፋይሉ ኮምፒውተሩ ላይ ከተከፈተ ቋሚ ትሆኛለሽ። ካልተከፈተ ኮንትራቱ በዚያው ቀን ያልቃል።"

"ይከፈታል" አለች።

"እናያለን።"

ሀብተሚካኤል እናያለን የሚላት ነገር አለችው። ሠርጉ ላይም ቄሱን እናያለን ብሎታል ይባላል። እኔ አልነበርኩም፤ ብኖር ኖሮ አላስብለውም ነበር።

እኔ ፋይል አመጣለሁ፣ ስቴፕሉን እነቅላለሁ፣ እሷ ወረቀቱን አንድ በአንድ ስካነር ላይ ታስተኛለች። ሲያልቅ መልሼ በጆንያ አስሬ መጋዘን አስገባለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልን ግማሽ ካለፍን በኋላ ማሽኑ ሞላ። ዲስኩ ሞላ ማለት ነው። አዲስ ዲስክ ለማስገዛት እሷ የጻፈችው ደብዳቤ ስንት ጠረጴዛ እንደዞረ እኔ አውቃለሁ፤ ያዞርኩት እኔ ነኝ። ሚያዝያ ላይ መጣ። እሷ ታዲያ ሁለት ይሁን ብላ ነበር የጠየቀችው፤ አንዱ ለሥራ፣ አንዱ ለመጠባበቂያ። ሀብተሚካኤል፣ "አንድ ይበቃል፣ በጀት የለም" ብሎ ሁለተኛውን ዲስክ የጠየቀችበትን ደብዳቤ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

አዲሱ ዲስክ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ፋይሉን ፈልጎ የሚከፍተውን ፕሮግራም የሠራው ወንድዬ የሚባል ከእሷ በፊት የነበረ ልጅ ነው፤ ሌላ ቦታ ተቀጥሮ ሄዷል። ሲሄድ ፕሮግራሙን እንዴት እንደሠራው የጻፈበትን አልተወም። ያ ፕሮግራም አሮጌው ዲስክ ላይ ካለችው አንዲት ቦታ በስተቀር ሌላ ቦታ ፈልግ ብትለው አይፈልግም። ግትር ነው፤ ወንድዬም እንደዚያው ነበር፣ ሻይ ጋብዞ አያውቅም። ስለዚህ ወረቀቱ ሁሉ አዲሱ ዲስክ ላይ ይቀመጣል፣ ፕሮግራሙ የሚፈልገው ግን አሮጌው ላይ ነው። እንግዲህ ምን ይደረግ?

ሌንሳ ወደ እኔ ዞረች።

"ጋሽ ተክሌ፣ አንድ ፋይል ከመደርደሪያው ወጥቶ ሌላ ክፍል ሲሄድ እርስዎ ምን ያደርጋሉ?"

"ካርቶን እሰካለሁ ነዋ።"

ይሄ የኛ ቤት ደንብ ነው። ካርቶን ፋብሪካ አይደለን? ቁራጭ ሞልቷል። ፋይሉ ሲወጣ በወጣበት ክፍተት መዳፍ የምታህል ካርቶን ትሰካለህ፤ ላይዋ ላይ ፋይሉ የት እንዳለ የመደርደሪያውን ቁጥር ትጽፋለህ። ፈላጊ ሲመጣ ካርቶኗን አይቶ ወደዚያ ይሄዳል።

"በቃ እሱ ነው" አለች። "እኔም ካርቶን ነው የምሰካው። ሊንክ ይባላል። አሮጌው ቦታ ላይ ስሙ ይቀመጣል፣ ውስጡ ፋይሉ ያለበት አድራሻ ብቻ ይጻፋል። ፕሮግራሙ ስሙን ሲከፍት ማሽኑ ራሱ አድራሻውን ተከትሎ አዲሱ ዲስክ ላይ ያለውን ያመጣለታል። ፕሮግራሙ መዛወሩን እንኳን አያውቅም።"

ከኔ ነው የኮረጁት አልኳት። ሳቀች፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። ሠላሳ አንድ ዓመት ስሰካ የኖርኩትን ነገር ፈረንጅ ስም አውጥቶለት ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል።

አንድ ነገር ግን አስቸገራት። ሊንክ የምትሠራ የተለመደች ትእዛዝ አለች አሉ። ያንን ማሽን የሸጡልን ሰዎች ግን እነዚያን ትእዛዞች ሁሉ አራግፈው ነው ያመጡት። ስለዚህ ሲ በሚባል ቋንቋ ራሷ ፕሮግራም ጽፋ ከማሽኑ ልብ ጋር፣ ከርነል ይሉታል፣ በቀጥታ መነጋገር አለባት። አልገባኝም ስላት እንዲህ አለችኝ፦

"ሥራ አስኪያጁ ጋ በጸሐፊዋ በኩል ሲገቡ ምን ትላለች?"

"ማኅተም የለውም ትላለች፣ ቀኑ ተሳስቷል ትላለች፣ ምን የማትለው አለ።"

"ያቺ የተለመደችው ትእዛዝ ነች። እኔ የምሄደው ያለ ጸሐፊ፣ በቀጥታ ነው። እሱ ያልኩትን ብቻ ነው የሚያደርገው፤ ልክ ይሁን አይሁን አይነግረኝም። ሁለት ነገር እሰጠዋለሁ፦ መጀመሪያ ፋይሉ ያለበትን አድራሻ፣ ቀጥሎ ካርቶኑ የሚሰካበትን ቦታ። ከሰካው ዜሮ ይለኛል፣ ካልሰካው ከዜሮ አንድ ቅናሽ ይለኛል። ሌላ ቃል የለውም።"

እንዲህ ያለ አለቃ እኔም ነበረኝ፣ ነፍሱን ይማረው።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ስካን አልቆ ሁሉም ነገር ወደ አዲሱ ዲስክ ዞረ። ያቺ ፕሮግራም ተጻፈች። የመጀመሪያ ቀን ሁለቱን ነገር አቀያይራ ሰጠችው፤ አድራሻውን በቦታው፣ ቦታውን በአድራሻው። ከርነሉ እምቢ አለ፤ ከዜሮ አንድ ቅናሽ አለ፣ እዚያ ሌላ ነገር ተቀምጧልና። "ሁሉም ሰው አንድ ጊዜ ይሳሳታል" አለች፣ አስተካከለችው። አስነሳችው። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፤ ስክሪኑ ላይ ዜሮ እንደ በረዶ ወረደ። ሦስት ሺህ መቶ አርባ ዜሮ። እኔ ዜሮ ጥሩ ነገር ሲሆን ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

"ጋሽ ተክሌ፣ ቁጥር ይጥሩ!"

"ሁለት መቶ ስድስት!" የኔው ነው ቁጥሩ።

የወንድዬን ፕሮግራም ከፈተች። ሁለት መቶ ስድስት። የለም አለ። አምስት መቶ። የለም። ሺህ። የለም።

"ማል ታቴ?" አለችው ማሽኑን። ስትናደድ በኦሮምኛ ነው የምታናግረው፣ ምን ሆንክ እያለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ሳምንት ይቅርባችሁ። ጠዋት ትመጣለች፣ ያንኑ ጽሑፍ ታነባለች፣ ታስነሳዋለች፣ ዜሮ ይላል፣ ትከፍተዋለች፣ የለም ይላል። ካርቶኑ ተሰክቷል፣ ከርነሉ ሰክቻለሁ ብሏል፣ ፋይሉም አዲሱ ዲስክ ላይ ቁጭ ብሏል። ግን አይገናኙም። መሀል ላይ መብራት ይሄዳል። ሲመጣ እንደገና ከሀ። ምሳ አትበላም፣ ቆሎ ብቻ፣ ቀርጠም ቀርጠም። እኔ በበኩሌ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፤ ማሽኑን ከኋላ በጨርቅ ወልውዬለታለሁ።

ወይዘሮ መሰለች ደግሞ አለችላችሁ። የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ነች፤ ሰው አትጠላም፣ ግን አፏ አያርፍም። ብቅ ትልና፣ "ሌንሳዬ፣ እስካሁን የለም ነው የሚለው? እኔ እኮ ከጠዋት ጀምሮ በእጄ ፈልጌ ሃያ ሰው ሸኘሁ" ትላታለች።

"እርስዎ ይበርቱ" ትላለች ሌንሳ፣ ዞር ሳትል።

"ኧረ በርትቻለሁ። እኔ ቋሚ ነኝ።"

ይሄኔ ነው እኔ የተናደድኩት። መሰለችን ልክ ላገባት ብዬ የመደርደሪያዋን ታሪክ ለሌንሳ ጀመርኩላት። ወንዙ የሞላ ጊዜ ነው። ፋይሎቹን ወደ ኋላ መጋዘን አዛውሬ በየክፍተቱ ካርቶን ሰካሁ። ያኔ መጋዘኑ ውስጥ ያሉት መደርደሪያዎች ቁጥር ስላልነበራቸው፣ ካርቶኑ ላይ ሁለት ቀስት ወደ ኋላ፣ ሦስት ቀስት ወደ ግራ ሣልኩ። ሁለት ክፍል ወደ ኋላ፣ ሦስት መደርደሪያ ወደ ግራ ማለት ነው። መሰለች የሥራ አስኪያጁን ፋይል ፈልጋ ካርቶኗን አየች፣ ሁለት ወደ ኋላ፣ ሦስት ወደ ግራ ሄደች፤ የት ብትገባ ጥሩ ነው? መጥረጊያና ባልዲ የሚቀመጥበት! ሦስት ሰዓት ሙሉ ባልዲ ስታገላብጥ ዋለች። እስከ ዛሬ ፋይል አጥፍተሃል ትለኛለች። አልጠፋም! ፋይሉ ቦታው ላይ ነበር። የጠፋችው መሰለች ነች።

ሌንሳ ቆሎ መቆርጠሟን አቆመች።

"ጋሽ ተክሌ፣ ሁለትና ሦስቱን የቆጠሩት ከየት ሆነው ነው?"

"ከወንበሬ። በር ላይ ካለችው።"

"እሷስ?"

"እሷማ ካርቶኗ ካለችበት መደርደሪያ ነው የቆጠረችው። ማን እንደዚያ ቁጠሪ አላት?"

ልጅቷ ብድግ አለች፣ ተቀመጠች፣ እንደገና ብድግ አለች። "እኔም ከወንበሬ ነው የቆጠርኩት" አለች። ለካ እሷም አድራሻውን የጻፈችው አንድ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ወደዚህ እያለች፣ ፕሮግራሟ ከቆመችበት ቦታ ተነስታ ነው። ከርነሉ ያለችውን ቃል በቃል ካርቶኑ ላይ ጻፈው፤ ወዴት ያደርሳል ብሎ አልጠየቀም። በኋላ ግን የሚከተለው ካርቶኑ ካለበት ቦታ ተነስቶ ነው። እዚያ ደግሞ ባልዲ እንኳን የለም።

አስተካከለችው። አሁን አድራሻው ከዋናው በር ጀምሮ፣ ከሥሩ፣ ሙሉውን ተጻፈ፤ የትም ቆመህ ብታነበው አንድ ቦታ የሚያደርስ። የድሮዎቹን ካርቶኖች አነሳች፣ አዲሶቹን ሰካች። ዜሮ ዜሮ ዜሮ። ሁለት መቶ ስድስትን ከፈተች። የኔ ጉርድ ፎቶ ወጣ፤ ጺም ያለኝ ጊዜ የተነሳሁት፣ መልከ መልካም ነበርኩ። አቅፋ ሳመችኝ። ሰኔ ሃያ አንድ ነው፤ ዘጠኝ ቀን ቀድመን ጨረስን።

እዚህ ላይ ባቆምኩት እንዴት ደስ ይለኝ ነበር።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ክበብ ገባሁ። ሀብተሚካኤል ከመሰለች ጋር ቁጭ ብሎ ሽሮ ይበላል። "እህ ጋሽ ተክሌ፣ ማሽኗ እንዴት ነች?" አለኝ። እንዲያው በሹፈት ነው። እኔ ደግሞ ሹፈት አልወድም።

"ማሽኗማ አሁን ሌላ ነች" አልኩት። "እኔና ሌንሳ እንደዚህ አድርገናታል፤ እያንዳንዱ ፋይል ሁለት ቦታ ነው ያለው። አሮጌው ዲስክ ላይ አለ፣ አዲሱም ላይ አለ። በየትኛውም ብትሉኝ አወጣላችኋለሁ!"

አንድ ቦታ እንደሆነ አውቃለሁ እኮ። ካርቶንና ፋይል የማልለይ ሰው አይደለሁም። ግን ክበቡ ሙሉ ሰው ይሰማኛል፣ አንድ ቦታ ነው ያለው ብል ማን ይደነቃል?

ሀብተሚካኤል ማኘኩን ቆም አደረገና፣ "ሁለት ቦታ?" አለ።

"ሁለት ቦታ!"

የኛን ቤት ደንብ ልንገራችሁ። መዝገብ ቤታችን ውስጥ የአንድ ሰው ፋይል ሁለት ሆኖ ከተገኘ ነውር ነው። አንዱ ላይ ማስጠንቀቂያ ተጽፎ ሌላው ላይ ሳይጻፍ ይቀርና ጠብ ይነሳል። ስለዚህ ቀዳሚው ቦታ ላይ ያለው ይቀመጣል፣ ሁለተኛው ደግሞ ወረቀት ተቦክቶ ካርቶን ወደሚሆንበት ገንዳ ይሄዳል። ስንቱን ጆንያ ተሸክሜ እዚያ ገንዳ ውስጥ ዘርግፌያለሁ።

ሰኔ ሃያ ዘጠኝ ቀን ሌንሳ ጉንፋን ይዟት ከሰዓት ፈቃድ ወጣች። ሀብተሚካኤል መሰለችን ጠራት። "ሰዎቹ መጥተው ድርብ ፋይል ቢያገኙ ምን እንላለን? ቀዳሚው ይቀመጥ፣ አዲሱ ላይ ያለውን ጥረጊ" አላት። መሰለች መጀመሪያ አጣርታለች፤ ይሄን አልደብቅባትም። አሮጌውን ዲስክ ከፈተች፤ ሦስት ሺህ መቶ አርባውም ስም በተርታ አለ። አንዱን ብትነካው የሰውየው ፎቶ ወጣላት። ኦሪጅናሉ አለ አለች። ከዚያ አዲሱ ዲስክ ላይ ያለውን ሁሉንም መርጣ ጠረገችው። እኔ የዚያን ጊዜ ውጭ ጥላ ሥር ነበርኩ። ማንም አልጠየቀኝም!

ሰኔ ሠላሳ ሰዎቹ መጡ፤ ሁለት ናቸው፣ ከረባት ያሰሩ። ሌንሳ የዚያን ቀን የወንድሟን ጃኬት አልለበሰችም፤ ነጭ ሸሚዝ ነው።

"ሺህ ሁለት መቶ ሰባት" አለ አንዱ።

የለም።

"አሥራ ሁለት።"

የለም።

ሀብተሚካኤል ወደ ጣሪያ አየ። ሌንሳ ግን አልደነገጠችም፤ የራሷን ፕሮግራም አስነስታ ከርነሉን በቀጥታ ጠየቀችው፤ ካርቶኑ ላይ ምን ተጽፏል? አድራሻው ወጣ፤ ልክ ነው፣ አንድ ፊደል አልተዛነፈም። አድራሻው ጋ ምን አለ? ምንም። አዲሱን ዲስክ ከፈተችው። ባዶ፣ እንደተገዛበት ቀን።

"ማነው የነካው?"

"እኔ ነኝ" አለች መሰለች። "ድርቡን ነው ያጠፋሁት። ኦሪጅናሉ አሮጌው ላይ አለ አይደል? ይኸው ስሙ!"

"እሱ ስም ብቻ ነው! ውስጡ አድራሻ ነው ያለው። ፋይሉን ነው ያጠፉት!"

"እኔ ከፍቼ አይቼዋለሁ፣ ፎቶ ነበረው!"

"የነበረውማ ያጠፉት ፋይል ያኔ ገና ስለነበረ ነው!"

ሀብተሚካኤል ጉሮሮውን ጠረገ። "ሌንሳ፣ ድምፅሽን ቀንሺ። ደንብ ነው የተከተልነው። አደገኛ ከሆነ ለምን መጠባበቂያ አላስቀመጥሽም?"

ልጅቷ መሳቢያውን አየች። ያ ደብዳቤ ያለበትን። ከረባታሞቹ አንድ ነገር ጻፉ፣ ውኃቸውን ጠጡ፣ ሄዱ።

ሁለት ቀን ሙሉ የተጠረገ ነገር የሚያወጣ ነው ያለችውን ሁሉ ሞከረች። ሦስት መቶ የሚሆን ወጣ፤ የቀረው ተቆራርጦ፣ የአንዱ ግማሽ ፊት፣ የሌላው ፊርማ ብቻ። በሁለተኛው ቀን ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ጉንፋኑ ነው ልበል እንጂ ምን ልበል።

"ጋሽ ተክሌ፣ ሁለት ቦታ ነው ያለው ብሎ የነገራቸው ማነው?"

መጀመሪያ አሳለኝ። ከዚያ ስለ መሰለች አንድ ነገር ልጀምር አልኩ።

"እኔ ነኝ" አልኳት።

"አንድ ቦታ ነው ብዬ አልነገርኩዎትም?"

"ነግረሽኛል።"

"ካርቶን ነው አላልኩም?"

"ብለሻል። እኔም እንደዚያ ገብቶኝ ነበር።"

"ታዲያ?"

"ሁለት ሲባል ይበልጣል ብዬ ነው፣ ልጄ። ስምሽን ላስጠራልሽ ብዬ።"

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። መሰለች ላይ የጮኸችውን ሲሶ እንኳን አልጮኸችብኝም። ፊቷን ወደ ስክሪኑ መለሰች፣ እኔም ጆንያውን እንደያዝኩ ቆምኩ።

ከሰዓት ሀብተሚካኤል ወረቀት ይዞ መጣ። ቋሚ አይደለም። አዲስ ኮንትራት፣ የሦስት ወር፣ "የጠፉ ፋይሎችን ዳግም ስካን ለማድረግ" ይላል አለችኝ። የጠፉ ነው የሚለው፤ ማን እንዳጠፋቸው አይልም። አንብባ እንደጨረሰች ብዕሩን አነሳች። እቤት ያሉትን አራት ሰዎች እንደምታስብ አውቃለሁ። ፈረመች።

"በጥሩ ሁኔታ ካለቀ ቋሚነቱን እናያለን" አለ እየወጣ።

በሩ ሲዘጋ፣ "ከየትኛው ጆንያ ልጀምርልሽ?" አልኳት።

"ከፈለጉት። ግን ጋሽ ተክሌ፣ ስለዚህ ማሽን ክበብ ውስጥ አንድ ቃል እንዳይተነፍሱ።"

አልተነፈስኩም። ይሄን ሁሉ ስነግራችሁ የመጀመሪያዬ ነው። ሐምሌን በሙሉ ጣቴ እስኪደማ ስቴፕል ነቀልኩ፤ እሷ አስተኛች። አሁን ማታ ከመሄዷ በፊት ማሽኑን ትቆልፈዋለች፣ የመክፈቻውን ቃል ለእኔም አልነገረችኝም፣ አልጠየቅኳትምም። መስከረም ሲያልቅ ሺህ ስምንት መቶ ላይ ነበርን። ሀብተሚካኤል ሌላ ሦስት ወር ጻፈላት።